«ቢበላሽስ?» ላልከኝ አባዬ

ዳርዊን፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? የደም ግፊቱስ እንዴት አደረገህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬን ሳምልኝ።

ባለፈው ስልክ ላይ የጠየቅከኝን አልረሳሁትም። ባሕር ውስጥ ጠልቄ መጣሁ ስልህ እማዬ ከጎንህ «በስመ አብ!» አለች። አንተ ግን «ቢበላሽስ?» ብቻ ነው ያልከው። ከዚያ ኔትወርኩ ተቆራረጠ። ባይቆራረጥም ያን ሁሉ በስልክ ብነግርህ አትሰማኝም፤ ስትሠራበት የኖርከው የመርከብ ሞተር ጆሮህን ከወሰደው ቆይቷል። ስለዚህ ልጻፍልህ ብዬ ቁጭ አልኩ። ወንድሜ በትልልቅ ፊደል አትሞ ያመጣልሃል። መነጽርህን አድርግና አንብበው።

መጀመሪያ ለጥያቄህ መልስ። ጀርባ ላይ የሚታዘለው የአየር ሲሊንደር ሲሞላ ግፊቱ 200 ባር ገደማ ነው። ሰው ሁሉ ኦክስጅን ይመስለዋል፤ አይደለም። በኮምፕረሰር የተጨመቀ ተራ አየር ነው። ሲሊንደሩ አንገት ላይ የሚታሰረው ሬጉሌተር ግፊቱን መጀመሪያ ወደ 10 ባር አካባቢ ያወርደዋል። አፍ ውስጥ የሚገባው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ አንድ ስስ ጎማ አለው። አየር ስትስብ ጎማው ወደ ውስጥ ይጎብጥና ቫልቩን ይከፍታል። መሳብ ስታቆም ይዘጋል። በቃ ይኸው ነው፤ አንተ ጋራዥ ውስጥ በአምስት ደቂቃ የምትፈታው ነገር ነው። ቢበላሽስ ላልከው፣ የተሠራው ሲበላሽ አየሩ እየፈሰሰ እንዲቀር እንጂ እንዲዘጋ አይደለም። በዚያ ላይ ሁሉም ሰው ሁለተኛ የአፍ መተንፈሻ ይይዛል። ብቻውን የሚጠልቅ የለም። የእኔ ቢያልቅ ከጓደኛዬ እተነፍሳለሁ።

አንዱን ቀን ጀልባው ላይ ዕቃዬን ስገጣጥም «ስስስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዕቃውን ያከራየን ሰውዬ ምንም አይደለም፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይቆማል አለ። እኔ የማን ልጅ ነኝ? ፈታሁት። ሲሊንደሩ አፍ ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንጓ፣ ተበልታለች። አዲስ ካልተቀየረ አልገባም ብዬ ተቀመጥኩ። ሰውዬው እያጉረመረመ ቀየረው። ድምፁም ጠፋ።

እውነቱን ለመናገር የሚያሰጋው መሣሪያው ሳይሆን ግፊቱ ነው። በየ10 ሜትሩ ከላይ ያለውን የአየር ግፊት የሚያህል ግፊት ይጨመራል። እኔ የተፈቀደልኝ እስከ 18 ሜትር ነው፤ እዚያ ስትደርስ ከላይ ካለው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። አየሩም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል። ትንፋሽ መያዝ ክልክል ነው። ይዘህ ከወጣህ ሳንባህ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጥና ይጎዳሃል። ናይትሮጅኑ ደግሞ ደም ውስጥ ይሟሟል። ቶሎ ከወጣህ፣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በአንዴ ሲከፈት እንደሚሆነው፣ አረፋ ይሠራል። ስለዚህ ቀስ ብለን እንወጣለን፤ 5 ሜትር ላይ ስንደርስ ሦስት ደቂቃ እንቆማለን። አንድ ነገር ቢመጣ እንኳ ማከሚያው ክፍል እዚሁ ዳርዊን ሆስፒታል ውስጥ አለ። ኢንሹራንስም ገብቻለሁ። ይህንን ለእማዬ ጮክ ብለህ አንብብላት።

አሁን ስለ ቦታው። ቲሞር ሌስቴ ትባላለች። በሬዲዮ ምሥራቅ ቲሞር ስትባል ሰምተህ ይሆናል። ከዳርዊን ዋና ከተማዋ ዲሊ ድረስ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ነው የሚያልፈው። እዚህ ያለው ሰው ግን ዕረፍት ሲያገኝ የሚሮጠው ወደ ባሊ ነው። የሥራ ባልደረቦቼም «ቲሞር? ምን አለና?» ነው ያሉኝ። ሕዝቧ ከ1.3 ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም። ባለፈው ጥቅምት ነው አሴያን የሚባለው የአካባቢው አገሮች ማኅበር 11ኛ አባል የሆነችው። ገንዘባቸው የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ሳንቲሙ ግን የራሳቸው ነው። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ፖርቱጋል ያዘቻት፤ ወዲያው ኢንዶኔዥያ ገባች። በ1999 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠና ኢንዶኔዥያ ወጣች። በ2002 ነጻ አገር ሆነች። ስለ ሪፈረንደም ማውራት እንደማትወድ ስለማውቅ እዚህ ላይ ላቁም።

የጠለቅነው አታውሮ የምትባል ደሴት ዙሪያ ነው። ከዲሊ በስተሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በመሀል ያለው ባሕር ግን ሦስት ሺህ ሜትር ድረስ ይጠልቃል። ከፓሲፊክ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚያልፈው ውሃ አንዱ መንገዱ በዚያ በኩል ስለሆነ ይጎትታል። ዓሣ ነባሪዎችም በእነዚህ ወራት በዚያ ያልፋሉ አሉን። እኔ አልቀናኝም፤ ዶልፊን ብቻ ነው ያየሁት። ጀልባዋ ትንሽ ናት፣ ማዕበሉ ያንገላታል። አጠገቤ የነበረው ልጅ ቁርሱን ሁሉ ለባሕሩ መለሰ። እኔ ያንተን ምክር ያዝኩ፦ አድማስ አድማሱን ማየት፣ ሆድን ባዶ አለማድረግ።

ደሴቷ ላይ ማኑኮኮ የሚባል 995 ሜትር ተራራ አለ። የሚያሳዝን ታሪክም አላት። ፖርቱጋሎች ሰው ያግዙባት ነበር፤ ኢንዶኔዥያም በተራዋ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አጉራባታለች። ይህን ሲነግሩኝ የዳህላኳ ደሴት ኖኩራ ትዝ አለችኝ። መጀመሪያ የጣልያን እስር ቤት፣ ኋላ የሩሲያኖቹ ሰፈር። ባሕር ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ያየ መንግሥት ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ይመስለኛል።

ውሃው ውስጥስ? ይኸውልህ፣ ባሕር ዳር ካለው ኮራል ትንሽ እልፍ ስትል ወለሉ ይቋረጣል። ገደል ነው። ከታችህ ሰማያዊ ብቻ። መጀመሪያ ሳየው ልቤ ስንጥቅ ነበር ያለው፤ ግን አትወድቅም፣ እዚያው ተንሳፍፈህ ትቀራለህ። የገደሉ ግድግዳ ሞልቷል። ማራገቢያ የሚመስል ሰው የሚያክል ኮራል አለ። ከስሩ የሚንቀጠቀጥ ለስላሳ ነገር አለ፤ ውስጡ ብርቱካንማ ዓሦች ቤት ሠርተው ስትጠጋቸው እየወጡ ይገላምጡሃል። አንዲት የባሕር ዔሊ ግጦሿን ሳታቋርጥ አለፈችን። ደግሞ ቀይ ቀለም የሚባል ነገር እዚያ የለም። ውሃው መጀመሪያ የሚውጠው ቀዩን ስለሆነ ቀይ ጓንቴ አመድ መሰለ። ባትሪ ስታበራበት ግን ቀይነቱ ተመልሶ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ኮንሰርቬሽን ኢንተርናሽናል የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ባለሙያዎች ደሴቷን ዙሪያዋን ጠልቀው ቆጥረው ነበር። በአንድ ቦታ በአማካይ 253 ዓይነት ዓሣ አገኙ። በዓለም ላይ ከተቆጠሩት ሁሉ የሚበልጥ ነው ብለው አወጁ። እኔ ስማቸውን የማውቀው አምስቱን ቢሆን ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ድምፁ ነው። ዝም ያለ ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ ኮራሉ ራሱ ይንጫጫል። ድምፅ ውሃ ውስጥ ከአየር አራት እጥፍ ያህል ስለሚፈጥን ከየት እንደመጣ አታውቅም። አንድ ጀልባ በላያችን ስታልፍ ሞተሯ በቀኝም በግራም፣ በአጥንቴም ውስጥ ነበር። ያኔ አንተን አሰብኩ። ያን ሁሉ ዓመት ከውሃ መስመር በታች ሞተር ክፍል ውስጥ ሠርተህ መስኮት እንኳ አልነበረህም። ባሕሩ ከብረቱ ወዲያ ማዶ፣ አንድ ክንድ እንኳ የማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ልጆች ሆነን ስለ ምጽዋ ስትነግረን ወሬህ ስለ ሙቀት፣ ስለ ዘይትና ስለ ፒስተን ብቻ የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ለእማዬ ደግሞ የሚሆን ወሬ አለኝ። በደሴቷ ምዕራብ በኩል አዳራ የምትባል መንደር አለች። ሴቶቹ ጠላቂ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ሲሊንደር የለ፣ ምን የለ፤ በአንድ ትንፋሽ ነው። ከእንጨት ጠርበው መስታወት የገጠሙበት መነጽር ያደርጋሉ፤ ዓሣውን የሚወጉት በጦር ነው። አንዷ እናቴን የምታክል ነበረች። የእኔን ኮተት፣ ጃኬቱን፣ ቱቦውን፣ ሰዓቱን ሁሉ ዞር ዞር ብላ አየችና ሳቀች። ምን እንዳለች የተረጎመልኝ የለም፤ ግን የሳቁ ትርጉም አልጠፋኝም። ታራ ባንዱ የሚሉት የአባቶች ሕግም አላቸው። ሽማግሌዎች ይህ ባሕር ይረፍ ካሉ፣ እስኪፈታ ድረስ ዓሣ አይወጣበትም። የደፈረ ይቀጣል። ዓሣው የተረፈው በዚህ ጭምር ይመስለኛል።

የመጨረሻውን ቀን አልጠለቅኩም። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ አለበት። ዲሊ ውስጥ ስዞር ዋልኩ። አብዛኛው ሰው ካቶሊክ ነው። ባሕሩ ዳር ኮረብታ ላይ 27 ሜትር የሚሆን የክርስቶስ ሐውልት ቆሟል። ያሠራችው ኢንዶኔዥያ ናት፣ በ1996 እ.ኤ.አ.። ቲሞርን 27ኛ ክፍለ ሀገሬ ናት ስለምትል ነው ቁመቱም 27 የሆነው ይላሉ። እነሱ ሄዱ፣ ሐውልቱ ቀረ።

ቡናቸውንም ጠጣሁ። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የእኛው አረቢካና ሮቡስታ ቲሞር ደሴት ላይ በራሳቸው ተዳቅለው አንድ ዝርያ ተገኘ። የቅጠል ዝገት የሚባለውን በሽታ ስለሚቋቋም በዓለም ዙሪያ ብዙ አዳዲስ ዝርያዎችን ለማራባት ወሰዱት። ጣዕሙ? ደህና ነው። እማዬ የምታፈላው አይደለም። ግማሽ ኪሎ ገዝቻለሁ፤ ለገና የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ እልክላችኋለሁ። ፍረዱት።

ቪዲዮዎቹን ለወንድሜ በቴሌግራም ልኬለታለሁ። በስልኩ ሳይሆን በቴሌቪዥኑ ያሳይህ። ሳንቆም ወደ ላይ የወጣን የሚመስልበት ቦታ አለ፤ ካሜራው ነው የተቋረጠው እንጂ ቆመናል። እንዳትቆጣ።

አሁን በተራዬ ልጠይቅህ። የመርከቡ ሞተር የሚቀዘቅዘው በባሕር ውሃ ነበር፣ አይደል? ውሃው ሲሳብ የሚያልፍበትን ማጣሪያ እየፈታችሁ ታጸዱ እንደነበር ነግረኸን ታውቃለህ። ያኔ ግን ማጣሪያው ውስጥ ምን ታገኙ እንደነበር ጠይቄህ አላውቅም። ዓሣ ነበረው? ሸርጣን? ጄሊፊሽ? ዳህላክ አካባቢ ስትሆኑና ወደብ ላይ ስትቆሙ ይለያይ ነበር? የምታስታውሰውን ሁሉ፣ ቀለሙንም መጠኑንም፣ ለወንድሜ ንገረውና ይጻፍልኝ። አሳጥሮ እንዳይጽፍብህ።

ልጅህ