ቱታህን አትደብቅ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ የደብረ ብርሃን ብርድ ከማየሉ በቀር ደህና ነን።

አክስትህ ደውላ ነበር። ሰርግ ቤት "የት ነው የምትማረው?" ሲሉህ "ስድስት ኪሎ" ብለህ ዝም አልክ አሉ። ሰዉም ዩኒቨርሲቲ መስሎት "ጎበዝ!" ብሎ መረቀህ። ቱታህን በፌስታል ጠቅልለህ አልጋ ስር ትወትፈዋለህ አሉ። ወርክሾፕም ሦስት ቀን ቀርተሃል። ውሸት ነው በለኝና ደስ ይበለኝ። እውነት ከሆነ ግን ስማኝ፦ ቱታህን አትደብቅ።

የምታፍርበት ግቢ እኮ አያትህ ሲኮሩበት የኖሩት ግቢ ነው። አንተ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ትለዋለህ። ለእኔ እንጦጦ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ነው። እሳቸው "ተፈሪ መኮንን" እንዳሉት ሞቱ። በ1917 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ሲከፍቱት የበላይ ኃላፊ ያደረጉት ሐኪም ወርቅነህን ነበር። በመቅደላ ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች በሕፃንነቱ የወሰዱት፣ ህንድ አገር አድጎ ሐኪም ሆኖ የተመለሰ ሰው! አያትህ ይቺን ታሪክ ባነሡ ቁጥር እንባ ይቀድማቸው እንደነበር ታስታውሳለህ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከካናዳ ኢየሱሳውያን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት መጥተው አስተማሩበት። አያትህ አዳሪ ሆነው የተማሩት ያኔ ነው። ከእነዚያ መምህራን አንዱ ዶክተር ሉሲየን ማት ናቸው፤ በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። አየህ? ተማሪው መስለህ የምትታይበት ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ከምትደብቀው ግቢ በወጣ ሰው ነው።

አብዮቱ ሲመጣ የንጉሡ ስም ተነሣ፣ እኛም "የእንጦጦ ልጆች" ተባልን። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ቴክኒክና ሙያ ሆነ። ያን ጊዜ "አለቀለት፣ ተዋረደ" ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። አንተም ከእኔ ሳትሰማው አልቀረህም። ይቅር በለኝ።

ስለ አጎትህ ብዙ ነግሬሃለሁ። ይቺን ግን አልነገርኩህም። በእኛ ጊዜም ቢሆን "አጠቃላይ" የተባለው ከቀለሙ ጎን ሙያ ስላለበት ነው። እሱ እንጨት ሥራ ገባ። አንድ ቀን ዱካ ሠርቶ መጣ። ሚስማር የሚባል የለበትም፣ እግሮቹ ተሰክተው ነው የቆሙት። አያትህ ቀና ብለው አላዩትም። እኔ ደግሞ እንግዳ ፊት "አናጢያችን መጣ" ብዬ ሳቅኩ። ዱካውን ይዞ ጓዳ ገባ። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው እንዳይሰድቡት አዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጁ እኛ ቤት አልደረሰም። በዓመቱ ትምህርቱን ተወ። ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። የቀረውን ታውቀዋለህ። እስከ ዛሬ እንጀራ የምጋግረው እዚያች ዱካ ላይ ተቀምጬ ነው። ንቅንቅ አትልም።

ስለዚህ ቱታህን አትደብቅ። እጠበው፣ ተኩሰው፣ ለብሰኸው ታክሲ ተሳፈር። ሦስቱን ቀን ለምን እንደቀረህ ለአሠልጣኝህ ራስህ ሄደህ ንገር፤ አክስትህን እንዳትልክ። ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሳትፈተን ሥራ ፍለጋ ብለህ እንዳትወጣ። በነጠላ ጫማ ኤሌክትሪክ እንዳትነካ! መጀመሪያ ከቆጣሪው አጥፋ፣ ቀጥለህ በቴስተር ፈትሽ። ጓንትህ ከተቀደደ ንገረኝ፣ ብር እልክልሃለሁ።

በሶና ቆሎ በሚኒባስ ልኬልሃለሁ፣ ሾፌሩ ይደውልልሃል። ከጓደኞችህ ጋር ብላ፣ ብቻህን አትብላ።

የምጣዱ ሶኬት ከሰሞኑ ብልጭ ይላል። ጎረቤት "እኔ ላየው" ቢለኝም አላስነካሁትም። ልጄ ለጥምቀት መጥቶ ይሠራዋል ብያለሁ። ስትመጣ ቱታህን ከሻንጣው ከላይ አድርገው።

እናትህ