ስለ ድራመሩ ስትጽፉ አስተማሪውንም አንሱት

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፤

ጤና ይስጥልኝ። በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ ጃዝ ድራመሩ ቶኒ ዊልያምስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደስ ብሎኝ አነበብኩት። ስለ ድራመር በአማርኛ እንዲህ ሰፋ አድርጎ የሚጽፍ ብዙም አላገኘሁምና ምስጋናዬ ከልብ ነው። ጽሑፉ ግን ልጁ በ1963፣ በ17 ዓመቱ፣ ታዋቂው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ማይልስ ዴቪስ ባንድ ውስጥ እንዴት እንደገባ ሲተርክ ነገሩን ሁሉ የተሰጥኦ ጉዳይ አድርጎ አለፈው። ቦስተን ውስጥ ያስተማረው ሰው ስሙ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሳም። ያ ሰው አለን ዶውሰን ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አዲስ አበባ ውስጥ ድራም በማስተማር ነው የምኖረው። ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ የሚመጡ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ “ታዲያ አንተ ለምን ከባንድ ጋር አትሠራም?” ጥያቄው ክፋት የለበትም። ከጀርባው ግን መድረክ ያልቀናው ሰው ነው አስተማሪ የሚሆነው የሚል እምነት አለ፤ ስለ ሙዚቀኞች የሚጻፈውም ነገር ይህንኑ እምነት ያጠናክራል። የዶውሰን ሕይወት ይህንን የሚያፈርስ ስለሆነ ነው የምጽፍላችሁ።

ዶውሰን በ1929 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ተወልዶ ያደገው በቦስተን ሮክስበሪ ሰፈር ነው። ቻርልስ አልደን ከሚባል የከተማው መምህር ዘንድ አራት ዓመት ተማረ። በኮርያ ጦርነት ዘመን ወታደር ሆኖ ፎርት ዲክስ በነበረው የሠራዊቱ የዳንስ ባንድ ውስጥ ተጫወተ። በ1953 ደግሞ ከባንድ መሪው ላየነል ሃምፕተን ጋር አውሮፓን ዞረ፤ በኋላ በጃዝ ስመ ጥር የሆኑት ክሊፈርድ ብራውን፣ አርት ፋርመርና ኩዊንሲ ጆንስ የነበሩበት ባንድ ነው። ከእንዲህ ዓይነት ጉዞ የተመለሰ ወጣት ጃዝ ተጫዋች ጓዙን ጠቅልሎ ኒውዮርክ መግባቱ የተለመደ ነበር። እሱ ቦስተን ቀረ። ከ1957 ጀምሮም በርክሊ በሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት 18 ዓመት አስተማረ።

ቀረ ስል መጫወቱን ተወ ማለቴ አይደለም። ከቦስተን ወጣ ብላ በምትገኘው ፒቦዲ፣ ሌኒስ በሚባል ክለብ፣ ከ1963 እስከ 1970 የቤቱ ድራመር ነበር፤ ከሌላ ከተማ በእንግድነት የሚመጡ ታላላቅ ተጫዋቾችን ያጅብ የነበረው እሱ ነው። ከፒያኒስቱ ጃኪ ባያርድና ከሳክስፎኒስቱ ቡከር ኧርቪን ጋር ለፕሬስቲጅ ኩባንያ የቀረጿቸው ሥራዎች ዛሬም ድራመሮች ጆሯቸውን ደቅነው የሚያጠኗቸው ናቸው። ስመ ጥሩው ድራመር ጆ ሞሬሎ ከፒያኒስቱ ዴቭ ብሩቤክ ባንድ ከተለየ በኋላ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ዶውሰን ነው፤ ከ1968 እስከ 1972 ድረስ። ከሞሬሎ በኋላ እዚያ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ድራም የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን በርክሊ ያስተምር ነበር።

አሁን ወደ ክፍሉ ልግባ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ቴድ ሪድ የሚባል መምህር በ1958 ያሳተማት፣ በአጭሩ “ሲንኮፔሽን” እየተባለች የምትጠራ ቀጭን የልምምድ መጽሐፍ አለች። አብዛኛው ገጿ ተራ የኖታ መስመር ነው። ዶውሰን ከዚያች መስመር ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት አወጣባት። የተማሪው ቀኝ እጅ በሲምባሉ ላይ የስዊንጉን ምት ይይዛል፤ ግራ እግሩ ሃይ ሃቱን፣ ማለትም በፔዳል የሚከደኑትን ጥንድ ሲምባሎች፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ይዘጋል፤ የተጻፈችው መስመር ለግራ እጅ ትሰጣለች። ያ ሲለመድ መስመሯ ወደ ቀኝ እግር ትወርዳለች። ቀጥሎ አጫጭሮቹ ኖታዎች በእጅ ለሚመታው ትንሽ ከበሮ ለስኔሩ፣ ረጃጅሞቹ በእግር ለሚመታው ትልቅ ከበሮ ለቤዝ ድራሙ ይከፋፈላሉ። ከዚያ ደግሞ የተጻፈው ኖታ በቀኝ እጅ ይመታና በመካከል የቀረው ባዶ ቦታ ሁሉ በግራ እጅ ትሪፕሌት (አንዱን ምት ለሦስት እኩል በሚከፍል አመታት) ይሞላል። ገጹ አልተቀየረም፤ የተቀየረው የተማሪው አካል ነው።

በዚህ ላይ ዜማው ይጨመራል። ዶውሰን ተማሪውን የዘፈኑን ዜማ በአፉ እያዜመ ያስመታው ነበር። ዘፈኑ 32 ባር (ምቶች በእኩል የሚከፋፈሉበት የሙዚቃ ክፍል) ከሆነ ድራመሩ ለብቻው የሚጫወተው ሶሎም 32 ባር ነው፤ ድራመሩ በየትኛው ስንኝ ላይ እንዳለ ሳያውቅ መምታት አይችልም። ይህንን እኔም ከተማሪዎቼ ጋር እሠራዋለሁ፤ ትዝታን እያዜሙ እንዲመቱ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ላይ እጃቸው ሲፈጥን ድምፃቸው ይጠፋል፤ ድምፃቸውን ሲያነሱ እግራቸው ይቆማል። ሳምንታት ይወስዳል። የተገናኙ ዕለት ግን ፒያኖ የሚጫወተው ልጅ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ድራሙ ያያል፤ የት ላይ ተመልሶ እንደሚገባ ማንም ምልክት ሳይሰጠው ያውቃልና።

ድራመሮች “ሩዲመንታል ሪችዋል” የሚሉት ልምምድም የእሱ ነው። ሩዲመንት ማለት ከወታደር ከበሮ የመጡት መሠረታዊ የእጅ ልምምዶች ናቸው፤ ብዙ ቦታ አንድ በአንድ በደረቁ ይጠናሉ። እሱ ግን እግሮቹ ከሥር የብራዚል ምት ሳያቋርጡ እየያዙ ሩዲመንቶቹን በቃል ተከታታይ አድርጎ ማስመታት ጀመረ። አንዴ ከተነሱ እስከ መጨረሻው መቆም የለም። ከዚያ የሚገኘው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ጊዜን ሳይሰብሩ ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው መሻገርም ነው።

ቶኒ ዊልያምስ ገና ልጅ ሳለ ከዚህ ሰው ዘንድ ተቀመጠ። ዶውሰን ካምብሪጅ ውስጥ ይጫወትበት በነበረው ክለብ ልጁ መድረክ ላይ ወጥቶ ከትልልቆቹ ጋር እንዲሞክርም ይፈቅድለት ነበር። አስተማሪው መድረክ ባይኖረው ይህ ዕድል ከየት ይመጣ ነበር? ሃርቪ ሜሰን፣ ስቲቭ ስሚዝ፣ ቪኒ ካላዩታና ኬንውድ ዴናርድም የእሱ ተማሪዎች ናቸው። እነዚህን አምስት ሰዎች ተራ በተራ ያዳመጠ አንዱን ከሌላው አያምታታም፤ ለእኔ የአስተማሪነቱ ትልቁ ማስረጃ ይህ ነው። ቴሪ ሊን ካሪንግተንም ከእሱ ዘንድ ተምራ ግራሚ አሸናፊ ድራመር ሆነች፤ ዛሬ እሷም በርክሊ ታስተምራለች፤ በ2018 በትምህርት ቤቱ የጃዝና የጾታ ፍትሕ ተቋምን መሥርታለች።

በ1975 ዶውሰን የአከርካሪ ዲስክ ጉዳት ደረሰበትና ከበርክሊም ከረጅም የኮንሰርት ጉዞም ወጣ። ሌክሲንግተን በሚገኘው ቤቱ ግን ተማሪ መቀበሉን አላቆመም። ያረፈው በ1996 ነው።

ለአገራችን አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከእንግሊዝ ተሻግሮ የገባው እዚሁ በርክሊ ነው፤ ዶውሰን ያስተምርበት በነበረበት ዘመን። ሁለቱ አንድ ክፍል ተቀምጠዋል ማለቴ አይደለም። ኢትዮ ጃዝ ሲነሳ ግን ሙላቱ የተማረበት ቤት በአንድ ስም ብቻ ተጠቅሶ ይታለፋል፤ በውስጡ ማን ምን ያስተምር እንደነበር አይጻፍም። በእኛም ቤት ያው ነው። ነርሲስ ናልባንዲያን በቴአትር ቤት ያቀናበራቸው ሥራዎች ይወሳሉ፤ ወጣቶችን ኖታ ለማስተማር የደከመው ድካም ግን እምብዛም አይነሳም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሙዚቀኛ ስታነጋግሩ ከማን እንደተማረና ማንን እንዳስተማረ ጠይቁልን፤ መልሱንም ቦታ ጠበበ ብላችሁ አትቁረጡት። ሁለተኛ፣ በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ባንዶች ውስጥ ድራምና ትንፋሽ መሣሪያ ያስተማሩ አዛውንቶች በሕይወት ካሉ፣ ከእነሱ የተማሩ ልጆቻቸውም ካሉ፣ ፈልጋችሁ አነጋግሯቸው። እንዴት እንዳስተማሩ፣ የመጀመሪያውን ቀን ለተማሪው ምን እንደሰጡት፣ ዱላውን እንዴት እንዳስያዙት ይንገሩን። ዶውሰንን መስማት ለሚፈልጉ አንባቢዎቻችሁ ደግሞ ለጀማሪ ጆሮ የሚሆኑ ቅጂዎችን መርጬ፣ በየቅጂው ምን ላይ ማተኮር እንደሚገባ አብራርቼ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የድራም አስተማሪ፣ ከአዲስ አበባ