ዛፍ ብቻ አይደለም የላክሁልሽ

ሌስተር፣ እንግሊዝ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ግን መጥቷል። እሁድ ሰዓቱን ወደ ኋላ ስለመለሱት ገና 11 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይዋ ጥልቅ ትላለች።

"ዛፍ ዛፉን ትልኪያለሽ፣ አንቺ የታለሽ?" ብለሽኝ የለ? ካሜራውን የምይዘው እኔ ነኛ፣ ምን ላድርግ! አሁንም መጀመሪያ ዛፉን እዪልኝ። ብራድጌት ፓርክ ይባላል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። እኛ አገር በጥቅምት ሜዳው ያብባል፣ እዚህ ደግሞ ሊረግፍ የደረሰው ቅጠል ነው አበባ የሚመስለው። ፀሐይዋን ከቅጠሉ ኋላ አድርጌ ሳነሳው ቢጫው እንደ ጧፍ በራ። ያቺ ቡናማ ነጥብ ድንጋይ እንዳትመስልሽ፣ አጋዘን ነው። በዚህ ወር ወንዶቹ በሴት ስለሚጣሉ መቅረብ ፈርቼ ነው።

ጥቅምት 10 ደግሞ ዲዋሊ ነበር፣ የሂንዱዎች የብርሃን በዓል። ቤልግሬቭ የሚባለው መንገድ ከዳር እስከ ዳር መብራት ተሰቅሎበታል። እኔ ግን ያከበርኩት ጎረቤቴ ባልቴት ዘንድ ነው። ሁሉም "ባ" ይላቸዋል፣ በጉጃራቲ እናት ማለት ነው። የካምፓላ ልጅ ናቸው። በፈረንጆቹ 1972 የኡጋንዳው ኢዲ አሚን እስያውያኑን በ90 ቀን ውጡልኝ ሲል ነው የመጡት። ያኔ የሌስተር ምክር ቤት በኡጋንዳ ጋዜጣ ላይ "ወደ እኛ አትምጡ" የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፣ ዛሬ መብራቱን የሚሰቅለው እሱ ራሱ ነው። ባ ይህን ሲያወሩ በሳቅ ይፈርሳሉ።

ጥጡን በመዳፋቸው ፍትልትል አድርገው፣ እፍኝ በማትሞላ የሸክላ ኩባያ ንጥር ቅቤ ውስጥ ነክረው ለኮሱት። ሽታው አንቺ ጓዳ ከተተኝ! ኮረሪማና ኮሰረቱ ብቻ ነው የቀረው። እኛ ቄጤማ እንደምንጎዘጉዘው እነሱ ደጃፉ ላይ በባለቀለም ዱቄት አበባ ይስላሉ። ሁለት ሰዓት የፈጀ ሥራ ነው። እኔ ጉደኛ፣ መብራቱም ደጃፉም ይግባልኝ ብዬ ወደ ኋላ ሳፈገፍግ መሃሉ ላይ ቆምኩበት።

መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። እሳቸው ግን ካሜራውን ከእጄ ነጥቀው "ቁጭ በይ እዚያው" አሉኝና አነሱኝ።

የመጨረሻዋ ፎቶ እሷ ናት። ተንጋዳለች፣ ጥጓ ላይ ጣታቸው ገብቷል፣ የጫማዬ ጫፍ ሮዝ ነው። ይኸው፣ አለሁልሽ።

ሰው ሲመጣ ኮሰረትና ኮረሪማ ላኪልኝ፣ ቅቤውን እኔ አነጥርላቸዋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

ልጅሽ