አባባ፣ ጠመዝማዛውን ወረድኩት

ጎልዌይ፣ አየርላንድ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እማዬ፣ እህቴና ልጆቿ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር የጎደለብኝ የለም።

ባለፈው ስደውል «መንገዱ እንዴት ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እማዬ የምትጠይቀኝ ስለ ብርዱና ስለ ምግቡ ነው፤ እርስዎ ግን የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩና ሁልጊዜ መንገዱን ነው። በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩልዎ።

እንደሚያውቁት የምነዳው ጥቁር መርሴዲስ ነው። መሪው በቀኝ ነው፤ የምንሄደውም በግራ። ፈቃዱን ያገኘሁት ፖሊስ ያለፈ ታሪኬን አጣርቶ፣ በሕጉና በአካባቢው መንገድ ዕውቀት ከተፈተንኩ በኋላ ነው። እንግዳውን ጠዋት ከሆቴል እቀበላለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ደስ ያላቸው ቦታ እያቆምኩ ጠረፉን አሳያቸዋለሁ፤ ማታ ካነሳኋቸው በር ላይ አደርሳቸዋለሁ። የምዕራቡ ጠረፍ መንገድ ከኮርክ ተነሥቶ ሰሜን ዶኔጋል እስኪደርስ 2,500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በፈረንጆቹ 2014 ሁሉንም አያይዘው «ዋይልድ አትላንቲክ ዌይ» አሉት፤ በየመገንጠያው የማዕበል ምልክት ያለው ሰሌዳ ተተክሏል። እኔ አዘውትሬ የምመላለሰው ክሌር በሚባለው አውራጃ ያለውን ክፍል ነው።

ባለፈው ሐሙስ የጫንኳቸው ሰማንያ ዓመት የሚጠጋቸው አንዲት እናት ናቸው፣ ከቦስተን የመጡ። ብቻቸውን ነበሩ። በትልቅ አውቶቡስ ከሰው ጋር መጋፋት አልችልም፣ ቀስ ብዬ ማየት እፈልጋለሁ አሉኝ። እኔም የተለመደውን አዟዟር ገልብጬ፣ ጎብኚ ሁሉ የሚመጣበትን የሞኸር ገደል ለመጨረሻ አስቀረሁት። ከደብሊን የሚመጡት አውቶቡሶች እኩለ ቀን ላይ ገደሉ ጋ ይከማቻሉ፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ግን ይበተናሉ። በዚህ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ጊዜ አይጠብም።

ከጎልዌይ በኪንቫራ አድርገን ባሊቮን ገባን፤ ከዚያ ብላክ ሄድ የሚሉትን አፍንጫ ዞርን። አባባ፣ መንገዱ ጠባብ ነው። በአንድ ወገን ባሕር፣ በሌላው ተራራ። ከፊት ለፊት ትልቅ መኪና ሲመጣ አንዳችን ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገን ጥግ እንይዛለን። ሲተላለፉ የገጠሩ ሰው ከመሪው ላይ አንዲት ጣቱን ብቻ ብድግ ያደርጋል፤ ሰላምታው እሷ ናት። አሁን እኔም ለምጃለሁ። እናንተ በአሰብ መንገድ ላይ መብራት እያበራችሁ ሰላም ትባባሉ የነበረውን ያስታውሰኛል።

ተራራው በረን ይባላል። ስሙ በአይሪሽ ቋንቋ ድንጋያማ ቦታ ማለት ነው፤ እውነትም ድንጋይ ነው። ከመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ሞቃት ባሕር ሥር የተኛ የኖራ ድንጋይ ነው፤ አሁን ሰፊ፣ ግራጫ፣ የተሰነጣጠቀ ሊሾ ይመስላል። ከእንግሊዙ የጦር መሪ ከክሮምዌል መኮንኖች አንዱ በፈረንጆቹ 1651 አይቶት፣ እዚህ ሰው የሚሰጥምበት ውሃ፣ የሚሰቀልበት ዛፍ፣ የሚቀበርበት አፈር የለም አለ ይባላል። ግን በየስንጥቁ ውስጥ በዚህ ወር ሰማያዊ አበባ ይፈካል፤ የብርድ አገር አበባና የሙቅ አገር አበባ ጎን ለጎን ይበቅላሉ። ከብቱንም በብርዱ ወራት የሚያወጡት ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ነው። ድንጋዩ የበጋውን ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ሣሩ አይጠፋም። ይህን አያቴ ቢሰሙት ምን ይሉ ነበር?

ፋኖር ላይ አቆምኩላቸው። ካብ በካብ ላይ፣ ያለ ጭቃ የተደረደረ፣ ከጠረፉ እስከ ኮረብታው ይሄዳል። በካቦቹ መካከል ጣራ የሌላቸው ቤቶች አሉ፤ ግድግዳቸው ቆሟል፣ ውስጣቸው እሾህ በቅሏል። እናትየዋ ከመኪናው ወርደው አንዱ ቤት ጋ ሄዱ፤ እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው ብዙ ቆሙ። ቤተሰቦቻቸው በረሃቡ ዘመን ከዚህ አውራጃ የተሰደዱ ናቸው። የቤቱን ትክክለኛ ቦታ የሚነግራቸው አላገኙም፤ ስለዚህ ማንኛውም ይሁን ብለው ነው የነኩት።

የአየርላንድን ረሃብ ሳልነግርዎ ቀርቻለሁ። በፈረንጆቹ 1845 ድንቹን መሬት ውስጥ የሚያበሰብስ በሽታ ገባ። ድሃው የሚበላው ድንች ብቻ ስለነበር እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የማያንስ ደግሞ በመርከብ ተሰደደ። በዚያው ጊዜ ግን እህልና ከብት ከወደቦቹ እየተጫነ ወደ እንግሊዝ ይሄድ ነበር። የቤት ኪራይ ያልከፈለውን እያስወጡ ጣራውን ያፈርሱበት ነበር። ክሌር ክፉኛ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዱ ነው። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ጣራ የሌለውን ቤት እንደ ፍርስራሽ ማየት ተውኩ።

ሞኸር ገደል የደረስነው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከፍታው 214 ሜትር ነው፤ ታርማበርን ለሚያውቁት ለእርስዎ ብዙ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ ነው የሚወርደው፤ ያም 14 ኪሎ ሜትር ይቀጥላል። ነፋሱ ሰው ይገፋል። እናትየዋ ግንቡ ላይ ተደግፈው ወደ ምዕራብ ተመለከቱ። ከአራን ደሴቶች ወዲያ እስከ አሜሪካ ድረስ መሬት የለም።

«አንተስ ከየት ነህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ወዲያው አየርላንዳዊውን ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍንና በፈረንጆቹ 1985 ለእኛ ረሃብ የተደረገውን የእርዳታ ኮንሰርት አነሡ። አባባ፣ ሰው አገሬን በዚያ ብቻ ሲያውቃት ልቤ ይከፋ ነበር፤ ይህን ለእርስዎም ነግሬዎ አላውቅም። እኚህ እናት ግን አላዘኑልኝም። «የአንተም ሰዎች፣ የእኔም ሰዎች» አሉና ክንዴን ያዙ። ያኔ ነው «አባቴ በ1977 ከአሰብ ስንዴ ይጭን ነበር፤ እስከ ኮረም ድረስ» ያልኳቸው። ከአገሬ ከወጣሁ ይህን ለእንግዳ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ስንመለስ በሊስዱንቫርና አድርገን ኮርክስክሩ ሂል የሚሉትን ቁልቁለት መረጥኩ። ከላይ ሲያዩት የጎልዌይ ባሕረ ሰላጤ ከሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ወደ ግራ ይታጠፋል። ማርሹን ዝቅ አድርጌ ወረድኩ። «ፍሬን የሚበላ ሹፌር መኪናውንም ራሱንም ይበላል» ይሉኝ አልነበር? እናትየዋ ይህን መንገድ ማን ሠራው አሉኝ። በረሃቡ ዓመታት የተራቡ ሰዎች ናቸው፤ ድንጋይ ፈልጠው፣ ተሸክመው፣ ለጥቂት ሳንቲም። እኛ ዘንድ «ምግብ ለሥራ» የሚባለው ማለት ነው። የእኛ ወሎዬዎች እርከን እንደሠሩት፣ እነዚህ ደግሞ መንገድ ሠሩ። መኪናዋ ስትታጠፍ ከጎማው ሥር የማን እጅ እንዳለ እያሰብኩ ነበር የምነዳው። ሁለታችንም እስከ ባሊቮን ድረስ አልተነጋገርንም።

ጎልዌይ ስንደርስ ከመውረዳቸው በፊት አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ «አባትህ ስንዴውን አራግፎ ሲመለስ መኪናው ባዶ ነበር? ወይስ ሰው ይጭን ነበር?» አላውቅም አልኳቸው። እውነትም አላውቅም። የጭነት መኪናዋን፣ ኤንትሬዋን፣ ስንት ጊዜ እንደጠገኑ፣ ባቲ ላይ ሻይ የት እንደሚጠጡ ነግረውኛል፤ የ1977ን ግን ነግረውኝ አያውቁም። እኔም ጠይቄዎ አላውቅም።

አሁን ልጠይቅዎ። ኮረም ስትደርሱ ማታ የት ታድሩ ነበር? ማን ነበር የሚያራግፈው? ስትመለሱስ? መጻፉ ከከበደዎት የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ ይቅዳልዎትና በቴሌግራም ይላክልኝ፤ ረጅም ቢሆንም ችግር የለውም። በሚቀጥለው ሳምንት እኚያ እናት ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት አየር ማረፊያ የማደርሳቸው እኔ ነኝ።

የጠመዝማዛውን ፎቶ አብሬ ልኬያለሁ።

እጅዎን የምስመው ልጅዎ