ለፋርማሲው ባለቤትና ለኃላፊ ፋርማሲስቱ፦ መደርደሪያ ላይ እያለ ስለተከለከልኩት መድኃኒት

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ከዚራ ባለው ፋርማሲያችሁ ስለደረሰብኝ ነገር ነው። ለዓመታት ደንበኛችሁ ነኝ። የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት የምገዛው ከእናንተ ነው፤ እስከዛሬም ቅር ብሎኝ አያውቅም። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ ከማወራው ለናንተው በቀጥታ ብናገር ይሻላል ብያለሁ።

የመጣሁት ፖስትፒል፣ ማለትም ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደውን ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ፣ ልገዛ ነበር። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ኮንዶም ጠየቀ፣ ተሰጠው፣ ከፍሎ ወጣ። ማንም ምንም አላለውም፤ ሊባልም አይገባም። የኔ ተራ ሲደርስ ባለሙያው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ፖስትፒል ነው ያልሽው?» አለኝ። ከኋላዬ ማዘዣ የያዙ እናት ቆመዋል፣ ልጅ ያቀፈ አባት አለ፣ የሰፈሬ ልጅም አለች። «ያገባሽ ነሽ?» አለ። ለምን እንዳስፈለገው ስጠይቀው «ባልሽ ያውቃል?» ወደሚለው ተሻገረ። ዝም ስለው ማዘዣ አምጪ አለኝ። ማዘዣ የማይጠየቅበት መድኃኒት መሆኑን ስነግረው ደግሞ «ይሄ እኮ ማስወረጃ ነው፣ እኔ ኃጢአት ውስጥ አልገባም፣ ሌላ ቦታ ሞክሪ» ብሎ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረ። መድኃኒቱ ከጀርባው፣ ከቫይታሚኖቹ ጎን ተደርድሮ ይታየኝ ነበር።

ላግባ አላግባ እዚህም ላይ አልጽፈውም። ለመድኃኒቱ ምንም የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ነገር የለም። የጤና ሚኒስቴር የቤተሰብ ምጣኔ መመሪያ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው፣ ያገባም ያላገባም፣ አገልግሎቱን ማግኘት እንደሚችል በግልጽ ያስቀምጣል። የባል ፈቃድ የሚባል ነገር የለበትም።

«ማስወረጃ ነው» ያለውን በዝምታ ማለፍ አልችልም፤ እንዲህ ያለው ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ነው፣ የሰሙትም ሰዎች አምነውት ሄደው ይሆናል። ፖስትፒል ውስጥ ያለው ሌቮኖርጄስትሬል የሚባል ሆርሞን ነው። ሥራው እንቁላል ከእንቁልጢ የሚወጣበትን ጊዜ ማዘግየት ነው። እርግዝና ከተፈጠረ በኋላ ቢወሰድ እርግዝናውን አያቋርጥም፣ ጽንሱንም አይጎዳም። ይህንን ፋርማሲ ተምሮ የተመረቀ ሰው ያጣዋል ብዬ አላምንም። ካጣው ችግሩ ሌላ ነው፤ እያወቀ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ከሚመጣ ጉዳት ለመጠበቅ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ወደ እናንተ ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ነው። የጤና ባለሙያ በግል እምነቱ የተነሳ እንደ እርግዝና መከላከያ ያለ አገልግሎት አልሰጥም ማለት እንደማይችል ደንቡ በስሙ ጠርቶ ከልክሏል። ባለሙያችሁ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ያውም ሰው ፊት፣ ምክንያቱን በራሱ አንደበት እየተናገረ።

በእምነቱ ላይ አንድም ቃል የለኝም። ድሬ ውስጥ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ሆነው ነው ያደግነው፣ ማንም የማንንም አይነካም። የራሱን ሕይወት በእምነቱ ይምራ፣ መብቱ ነው። የኔን ሕይወት ግን በባንኮኒ ጀርባ ሆኖ ሊመራልኝ አይችልም። እዚያ የቆመው በሙያ ፈቃዱ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ሰዓት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ያውም ቶሎ በተወሰደ ቁጥር ነው በደንብ የሚሠራው፤ እየዘገየ ሲሄድ አቅሙ ይቀንሳል። ጤና ጣቢያ አገልግሎቱን በነጻ ይሰጣል፣ ግን እሁድ ከሰዓት የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ ክፍት አይደለም። ለዚህ ነው ሰው ወደ እናንተ የሚመጣው። እኔ ባጃጅ ይዤ መጋላ ሰፈር ወዳለ ሌላ ፋርማሲ ሄድኩ፣ አገኘሁ። ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የምታርፍ ልጅ ብትሆንስ? ሰው ቤት የምትሠራ፣ ዳቦ ግዢ ተብላ የወጣች ብትሆንስ? እሷ አንዴ እንዲህ ከተዋረደች ሁለተኛ ፋርማሲ ደጃፍ አትደርስም። ያስቆጣኝ በዋናነት ይሄ ነው።

መጋላ ያገኘኋት ፋርማሲስትም ጠይቃኛለች። ወደ ጎን ወሰድ አድርጋኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ግንኙነቱ ከተፈጸመ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አንዳንዶቹ የፖስትፒልን አቅም ይቀንሳሉና። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰኝ ድጋሚ መውሰድ እንዳለብኝ፣ ወር አበባዬ ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ ምርመራ እንዳደርግ፣ ከዚህ በኋላ ለሚኖር ግንኙነት እንደማይከላከልልኝ፣ ከአባላዘር በሽታም እንደማይጠብቅ ነገረችኝ። ስለ መርፌውና ክንድ ላይ ቆዳ ሥር ስለሚቀበረው የእርግዝና መከላከያም ከፈለግሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ አማክሪ አለችኝ። በጥቂት ደቂቃ አለቀ። ስለ ባል የተነሳ ነገር አልነበረም። ፋርማሲስት መጠየቁን አልጠላሁም፣ እንዲህ ያለውን ጥያቄማ ይጠይቀን።

የምፈልገው ልጁ ከሥራ እንዲባረር አይደለም፣ ይህ ግልጽ ይሁን። ደንቡ ምን እንደሚል ቁጭ ብላችሁ ንገሩት፤ ለሌሎቹ ሠራተኞቻችሁም ጭምር። የጋብቻ ጥያቄው ይቁም። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ባንኮኒው ጥግ ላይ በቀስታ የሚያነጋግሩበት ቦታ አዘጋጁ፤ ቤታችሁ ሰፊ ነው፣ ቦታ አይቸግራችሁም። መድኃኒቱ ካለቀ «አልቋል» በሉ፣ የት እንደሚገኝም ጠቁሙ።

በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ። ካልመጣ ይህንኑ ደብዳቤ ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ አስገባለሁ። የደብዳቤውን ቅጂ ይዣለሁ፤ ስሜና ስልኬ በእናቴ የመድኃኒት ካርድ ላይ አለ፣ በዚያ ደውሉልኝ።

ደንበኛችሁ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ