ለኮሌጅ ተማሪ ቴአትር ከማየት ይጀመር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በኮሌጅ የቴአትር መግቢያ ትምህርት ከሚወስዱት ተማሪዎች አብዛኞቹ ተዋናይም አዘጋጅም አይሆኑም። ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም ሒሳብ ሠራተኛ ሆነው ቀሪ ዘመናቸውን ከመቀመጫቸው ሆነው የሚያዩ ተመልካቾች ናቸው። ትምህርቱ ግን እነሱን አስቦ የተሰናዳ አይመስልም። ከግሪክ ይነሣል፣ በሮም ያልፋል፣ ትርጓሜና ዓመተ ምሕረት ያስጠናል፤ በመጨረሻው ሳምንት አንድ ቴአትር ያሳይና የቲኬት ቁራጭ የተያያዘበት ሪፖርት ይቀበላል። እንዲህ ያለ ሪፖርት ያረመ መምህር ሁሉ የሚያገኘውን ያውቀዋል፦ ሁለት ገጽ ሙሉ ታሪኩ ይተረካል፣ ከዚያ «በጣም አስተማሪ ነበር» ተብሎ ይዘጋል። ይህ ቅደም ተከተል ይገልበጥ እላለሁ። ማየት ይቅደም፣ ታሪክ ይከተል።

«ደግሞ ማየት ይማሩታል ወይ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ይማሩታል። የዛሬ ወጣት ዓይኑ ያደገው በካሜራ ነው። በፊልም የሚታየውን የሚመርጥለት ካሜራው ነው፤ እንባው ሲፈለግ ፊትን ያቀርብለታል፣ ደብዳቤው ሲፈለግ እጅን። ቴአትር ቤት ግን መድረኩ በሙሉ ባንድ ጊዜ ፊቱ ተዘርግቷል፤ የቱን ልይ የሚለውን መወሰን የእሱ ሥራ ነው። ያልሠለጠነ ዓይን የሚናገረውን ሰው ብቻ ሲከተል ያመሻል። ጎበዝ አዘጋጅ ደግሞ ዋናውን ነገር ብዙ ጊዜ የሚያኖረው ዝም ብሎ በሚያዳምጠው ሰው ላይ ስለሆነ ግማሹ ቴአትር ያመልጠዋል።

ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አንዲት ቃል ትበቃለች፦ «መጣህ?»። አንዱ ተማሪ በበሩ ይግባ፣ ሌላው ይህችን ቃል ይበለው። መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቀው እንዳደረ ሰው፣ ቀጥሎ ባለዕዳውን እንዳገኘ አበዳሪ፣ ቀጥሎ ባይመጣ ይሻለው እንደነበረ ሰው ሆኖ ይናገራት። ከዚያ ድምፁን እንዳይለውጥ ይከልከልና ርቀቱ ይለወጥ፤ አንድ ክንድ ያህል ቀርቦ፣ ሦስት ሜትር ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶ። በመጨረሻ «መጣህ?» የነበረው «መጡ?» ይሁን። አንቱታዋ ብቻዋን በሁለቱ መካከል ግድግዳ ስታቆም ክፍሉ በዓይኑ ያያል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ተማሪው ከቃሉ ሥር ሌላ ነገር እንዳለ፣ የተውኔት ቃል ውስጠ ወይራ መሆኑን ይረዳል። ትርጓሜው ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ከዚህ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የብርሃን ነው። መስኮቱን ከልሎ፣ መብራት አጥፍቶ፣ አንድ ተማሪ አቁሞ በስልክ ባትሪ ማብራት ነው፤ ሌላ ወጪ የለውም። ከአገጭ ሥር ሲበራ ጥላው ወደ ላይ ይወጣል፤ ዓይናችን የለመደው ከላይ የሚመጣ ብርሃን ስለሆነ የምናውቀው ፊት ባዕድ ይሆንብናል። ከአናት ሲወርድ ዓይኖቹ ጉድጓድ ይሆናሉ። ከአንድ ጎን ሲመጣ ፊቱን ለሁለት ይከፍላል፣ ከኋላ ሲሆን ፊት ጠፍቶ ቅርጽ ብቻ ይቀራል። ፊት ለፊት በዓይን ትክክል ሲበራ ደግሞ ፊቱ ወረቀት ይመስላል። የመድረክ መብራት ባለሙያ ከፊት በግራና በቀኝ በኩል፣ ወደ 45 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ማብራት የሚወደው ለምን እንደሆነ ከዚህ በኋላ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

ንባብ ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተት በቅንፍ የተጻፈውን የመድረክ መመሪያ መዝለል ነው። ተማሪው ተውኔትን እንደ ልብ ወለድ ስለሚያነብ ቅንፉን የአታሚ ማስታወሻ ያደርገዋል። የኖርዌዩ ጸሐፌ ተውኔት ኢብሰን እ.ኤ.አ. በ1879 ያወጣው «የአሻንጉሊት ቤት» ለዚህ ጥሩ መድኃኒት ነው። ኖራ ባሏንና ልጆቿን ትታ ትወጣለች፤ ባልየው ብቻውን ቀርቶ የተስፋ ጭላንጭል ሲታየው ከታች በር ሲዘጋ ይሰማል። ተውኔቱ የሚያበቃው በዚህ ድምፅ ነው። ቃለ ተውኔቱን ብቻ ያነበበ ተማሪ የሚያገኘው ተስፋ ያደረገ ባል ነው፤ ቅንፉን ያነበበ ግን የተዘጋ በር ያገኛል። ክፍል ውስጥ መጨረሻው ገጽ ሁለት ጊዜ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ አንድ ጊዜ በሩ ሳይዘጋ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የእውነት በር ተዘግቶ።

ወደ ቴአትር ቤት መሄድ እስከ አምስተኛው ሳምንት ድረስ መጀመር አለበት። ለጅማሬ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ይመረጥ፤ የሦስት ሰዓት ቴአትር ላልለመደ ሰው ድካምን እንጂ ፍቅርን አያስተምርም። ሁለት መቶ ተማሪ ባንድ ላይ መንዳትም ጥሩ አይደለም። ብዛት ሲኖር ተማሪው መድረኩን ትቶ ጓደኛውን ያያል፣ ሳቁም ከመድረኩ ሳይሆን ከጎኑ ይመጣል። ከ25 እስከ 30 ይበቃል። መቀመጫ ከመካከለኛው ረድፎች ይሁን፤ ከፊተኛው ረድፍ የተዋናዩ ላብ ይታያል እንጂ ተዋንያኑ በመድረኩ ላይ የሚሠሩት አቋቋም አይታይም። መጋረጃው ክፍት ከሆነ ደግሞ 30 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ዋጋ አለው፤ ባዶው መድረክ መናገር ጀምሯል። ተውኔቱን አስቀድሞ ሙሉውን ማስነበብ አልደግፍም። የመጀመሪያው ሲሶ ቢነበብ ገጸ ባሕርያቱን ለማወቅ ይበቃል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን የመጠበቅ ጉጉትም አይሞትም።

ሁሉም ሁሉን ነገር ይይ ማለት ማንም ምንም እንዳያይ ማድረግ ነው። አምስት አምስት ሆነው ይከፈሉ፦ አንዱ ቡድን ብርሃኑን፣ አንዱ አልባሳቱን፣ አንዱ ድምፁንና ዝምታውን፣ አንዱ እንቅስቃሴውን፣ አንዱ የማይናገረውን ተዋናይ ብቻ ይከታተል። የሚተርፍ ቡድን ካለ ተመልካቹን ይይ፤ ሳል የት ቦታ ላይ እንደበዛ፣ አዳራሹ የት ላይ ጸጥ እንዳለ። በጨለማ ማስታወሻ መያዝ ግን ይቅር። እጅ ሲጽፍ ዓይን ያቀረቅራል፣ የስልክ ብርሃንም ጎረቤትን ይረብሻል። በዕረፍት ሰዓትና ከቴአትሩ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጻፍ፤ ከዚያ ሲያልፍ የሚቀረው ታሪኩ ብቻ ነው። የሚቻል ከሆነ ያንኑ ቴአትር ሁለተኛ ጊዜ፣ ቡድኖቹ ሥራ ተለዋውጠው ማየት ሦስት የተለያዩ ቴአትሮችን ከማየት ይበልጣል።

ውይይቱን «ወደዳችሁት?» ብሎ መክፈት ክፍሉን ይዘጋዋል። አንድ አንደበተ ርቱዕ ተማሪ «አሰልቺ ነው» ካለ ሌላው ይከተለዋል። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ለታየውና ለተሰማው ብቻ ይሰጥ፣ አስተያየት ይከልከል። ቀጥሎ ከጀርመናዊው ደራሲ ከጎተ ስም ጋር የሚነሡት ሦስቱ ጥያቄዎች በተራ ይምጡ፦ ከያኒው ምን ሊሠራ ፈለገ? ምን ያህል ሆነለት? መሠራቱስ የሚገባ ነበር? ሦስተኛውን ቀድሞ የጠየቀ ሰው ሁለቱን አይመለስባቸውም። የአዘጋጅ ሥራ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ተማሪ ከመጣ እ.ኤ.አ. በ1904 ሞስኮ ላይ የሆነው ይነገረው። ሩሲያዊው ደራሲ ቼኾቭ «የቼሪ አትክልት» ለሚባለው ተውኔቱ ኮሜዲ የሚል ስም ሰጥቶት ሳለ አዘጋጁ ስታኒስላቭስኪ ሐዘን አድርጎ አዘጋጀው፤ ደራሲውም ቅር አለው። ጽሑፉ አንድ ነው፣ የታየው ግን ሁለት ዓይነት ነው።

ታሪክ የሚገባው አሁን ነው፣ ለተነሣ ጥያቄ መልስ ሆኖ። የግሪክ ጭምብል በመጀመሪያው ሳምንት ሲነገር ጌጥ ይመስላል። «መጣህ?»ን ከትልቅ አዳራሽ መጨረሻ ረድፍ ሆኖ ለመስማትና ፊት ለመለየት የሞከረ ተማሪ ግን ግሪክ አገር ኤፒዳውሮስ ላይ 14 ሺህ ገደማ ሰው የሚይዝ ጥንታዊ ቴአትር እንዳለ፣ በጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት በሶፎክልስ ዘመንም ሦስት ተዋንያን ሁሉንም ገጸ ባሕርያት ይከፋፈሉ እንደነበር ሲሰማ፣ ጭምብሉ ምን እንደሚሠራ ራሱ ይናገራል።

የጽሑፍ ሥራው የቴአትሩ አንድ ደቂቃ በ300 ቃል ይሁን። «አሪፍ»፣ «ልብ የሚነካ»፣ «አስተማሪ» የሚሉት ቃላት ይታገዱ። «ሴትዮዋ አዘነች» ብሎ የጻፈ ተማሪ ምን አይቶ እንዲህ እንዳለ ይጠየቅ። «የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጇ ይዛ ቆየች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች፤ ሻሿን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው» ብሎ ከመጣ አይቷል ማለት ነው። አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ቀድሞ ይነገራቸው፤ የመድረክ ቀኝ የሚባለው ፊቱን ወደ ተመልካች ያዞረ ተዋናይ ቀኝ ነው። ይህ ካልተነገረ ግማሹ ወረቀት ተገልብጦ ይመጣል።

ፈተናውም በዚሁ መንገድ ይሁን። ሁለት ተዋንያን ወደ ፈተናው ክፍል ይጋበዙና ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ትዕይንት ሁለት ጊዜ ይሥሩ፤ በሁለተኛው አንድ ነገር ብቻ ለውጠው፣ አቋቋምን ወይም ዝምታን። ተማሪው ምን እንደተለወጠ፣ ለውጡም ትርጉሙን እንዴት እንዳዞረው በ40 ደቂቃ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቴአትር መምህር