ናይሮቢን ያቆሟት እንግሊዞች ብቻ አይደሉም

ክቡር አዘጋጅ፤

ስለ ናይሮቢ አመሠራረት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። የባቡር መሐንዲሶቹንና ነጭ ሰፋሪዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ያሞግሳል፤ አሊብሃይ ሙላ ጂቫንጂን ግን በአንድ መስመር እንኳ አያነሳውም። እኔ በናይሮቢ ስድስት ዓመት ስኖር ምሳዬን በዚህ ሰው ስም በሚጠራው መናፈሻ እበላ ስለነበር ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጂቫንጂ በ1856 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ካራቺ ተወልዶ በ1890 ሞምባሳ የገባ ነጋዴ ነበር። እንግሊዞች የኡጋንዳን የባቡር መሥመር ሲዘረጉ ከህንድ ሠራተኛ እያስመጣ፣ ለሠራተኛውም ስንቅ እያቀረበ ከበረ። ሐዲዱ በ1899 ናይሮቢ ሲደርስ ቦታው ማሳዮች ከብት የሚያጠጡበት ረግረግ ነበር። በዚያ ጭቃ ላይ ለመንግሥት ቢሮ የገነባው እሱ ነው። በ1902 ቸነፈር ገብቶ የህንዶቹ ባዛር በእሳት ሲጋይም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለከተማዋ ገበያ አቆመላት። ሞምባሳ ላይ የመሠረተው ሳምንታዊ ጋዜጣም ዛሬ «ዘ ስታንዳርድ» እየተባለ ይታተማል። የሚገርመው፣ ጋዜጣውን በ1905 ከሸጠው በኋላ የነጭ ሰፋሪዎች አፍ ሆኖ ቁጭ አለ። እነዚያው ሰፋሪዎች ለምለሙን ደጋ ለራሳቸው ብቻ አስከልለው ህንዶችን አላስደርስ አሏቸው።

ሰውየውን ጻድቅ አድርጌ ላቅርብ አልፈልግም። ሀብቱ የተገነባው በሐዲድ ሠራተኞች ላብ ላይ ነው፤ ከህንድ ከመጡት 32,000 ገደማ ሠራተኞች ወደ 2,500 የሚጠጉት እዚያው ሞተዋል። በቅኝ ገዢዎቹ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የመጀመሪያው ህንዳዊ አባል ሆኖ ለወገኖቹ እኩልነት ለንደን ድረስ ሄዶ ተሟግቷል፤ ነገር ግን በዚያው ሙግት ምሥራቅ አፍሪካ ከህንድ ግዛት ጋር ትቀላቀል እስከማለት ደርሷል። የአገሩን ባለቤት የጠየቀ አልነበረም። በዚያ ምክር ቤት አፍሪካዊ የተቀመጠው በ1944 ነው፤ ጂቫንጂ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ።

መናፈሻውን ለሕዝብ የሰጠው በ1906 ነው፤ የንግሥት ቪክቶሪያን ሐውልትም አብሮ አቁሞበታል። በ1991 ባለሥልጣናቱ ቦታውን ባለፎቅ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት ሲያስቡ የልጅ ልጁ ተነሥታ ከሕዝቡ ጋር አስቆመቻቸው። ንግሥቲቱን ግን በ2015 ሰዎች አፈረሷት። እኔ በነበርኩበት ጊዜ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን አንዱ ሰባኪ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ይቆማል፤ ትንሽ ራቅ ብለው ሥራ ፈላጊዎች ስለ ፖለቲካ ይከራከራሉ፤ የቀረው ሰው ጫማውን አውልቆ ሣሩ ላይ ይተኛል።

እርማት ታወጡ እንደሆነ የስሙን አጻጻፍ ከላይ እንዳለው ውሰዱት።

የቀድሞ የናይሮቢ ነዋሪ፣ ከአዲስ አበባ